ማረሻና ማጭድ ሳያስቡት ስለሚያጠፉት ሕይወት

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርበት ነገር ሲያዩት ትንሽ የሚመስል ነው። ይኸውም ገበሬ ሲያርስ፥ ሲያርም፥ ሲያጭድና ሲወቃ፥ ልቡ ሳያስበው እጁም ሳያውቀው ስለሚያጠፋው የእንስሳትና የአዕዋፍ ሕይወት ነው። ታስቦ ስለሚታረደው በግና በሬ አልናገርም፤ እህል ሲበላ ተይዞ ስለሚገደለው ጦጣም አልናገርም፤ እነዚያ ራሳቸውን የቻሉ ሌላ ነገሮች ናቸው። እኔ የምናገረው ማንም «ልግደለው» ሳይል ስለሚሞተው ፍጥረት ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ «ሳያስቡት ለሆነ ነገር ምን ፍርድ አለው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም ብዙ ዘመን እንደዚሁ እል ነበር። ነገር ግን በራሴ ላይ ሁለት ጊዜ የደረሰብኝ ነገር አሳቤን ለወጠው። ሁለቱንም በየቦታቸው እነግራችኋለሁ፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ሰው ስለ ሌላው ጥፋት ከሚናገር ይልቅ ስለ ራሱ ጥፋት ቢናገር ይሰማልና ነው።

የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ በቅኔ ቤት ተማሪ ነበርሁ። የኔታ ለቀለባቸው የሚያሳርሱት አንድ ጥማድ የሚያህል የጤፍ ማሳ ነበራቸውና፥ በኅዳር ወር እኛ ተማሪዎች ደቦ ወጣንላቸው። ከዳር ጀምረን ማሳውን ዙሪያውን እየከበብን ወደ መካከል አጨድን። በመጨረሻም በመካከሉ ምንጣፍ የሚያህል ጤፍ ብቻ ቀረ። እኔም ከጓደኞቼ እንዳላንስ ብዬ ቸኵዬ ማጭዴን ስሰድድ፥ እጄ ከአገዳው ሌላ ነገር ተሰማው። ሦስት የጥንቸል ግልገሎች ነበሩ። ሁለቱን ማጭዴ ቈርጧቸው ነበር፤ ሦስተኛው ግን ዓይኑን ከፍቶ፥ ጆሮውን በጀርባው ላይ አጣብቆ፥ ሳይንቀሳቀስ ተኝቶ ነበር። ጥንቸል በእኛ ዘንድ የማይበላ ስለ ሆነ፥ ሞታቸው ለማንም የማይጠቅም ከንቱ ሞት ነበር።

ጓደኞቼ ሣቁ። እኔ ግን ማታ ለየኔታ ነገርኋቸው። እሳቸውም «አየሃቸውን?» ብለው ጠየቁኝ። «አላየሁም፥ የኔታ» አልሁ። «እውነት ነው፥ አላየህም። ዛሬ ግን ጥንቸል በጤፍ መካከል ግልገል እንደምታስተኛ ዐወቅህ። ለከርሞ አላየሁም ብትለኝ አልሰማህም» አሉኝ።

በከርሞው አጨዳ ማንም ማጭድ ሳያነሣ፥ አንድ ልጅ ዘንግ ይዞ በማሳው ውስጥ ሣሩን እየነካ እንዲመላለስ አዘዙ። እኛንም ዙሪያውን መክበብ ከልክለው፥ ከመንደሩ ወገን ጀምረን ወደ ቍጥቋጦው ወገን እንድናጭድ አደረጉን። በዚያ ቀን አንዲት ጥንቸልና ብዙ ቆቆች በፊታችን እየወጡ ወደ ቍጥቋጦው ሲገቡ በዓይኔ አየሁ። ሥራውም ካለፈው ዓመት አልዘገየም። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ከዚያ ከየኔታ ቃል የወጣ ነው።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። ማረሻ መሬትን ሲገለብጥ የአይጥና የፍልፈል ጕድጓድ ይፈርሳል፤ ትሉና እጩ ከላይ ይወጣል፤ ወፎችም ማረሻውን ተከትለው ይለቅማሉ። ሜዳ ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች እንቍላላቸውን በትልም መካከል ያገኙታል። እህሉ ሲያድግ ደግሞ ማሳው ለብዙ ፍጥረት ቤት ይሆናል፤ ጥላ አለው፥ ምግብ አለው፥ ከጭልፊት ዓይን ይሰውራል። ገበሬው ለራሱ የዘራውን እነርሱ ለእኛ ተሠራልን ብለው ይገቡበታል። በመጨረሻም በአንድ ቀን ማጭድ መጥቶ ያን ቤት ያፈርሰዋል። በአርሲና በባሌ ሰፊ የስንዴ እርሻ እንደሚታየው ኮምባይነር በሚያጭድበት ስፍራ ደግሞ፥ ብዙ አጫጅ በቀናት የሚጨርሰው በጥቂት ሰዓት ያልቃል፤ ለመሸሽም ጊዜው ያን ያህል ያጥራል።

የሚሞቱት ግን አብዛኛዎቹ በስለቱ ነውን? ይህን መርምረው የደረሱበት አሉ። (በዚህ ንግግር ዓመት ስጠራ የአውሮጳን አቈጣጠር መከተሌ ነው።) በእንግሊዝ አገር ቲውና ማክዶናልድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በእህል ማሳ በሚኖሩ በ33 አይጦች አንገት ላይ ትንሽ የራዲዮ መሣሪያ አሰሩ፤ ከአጨዳውም በፊትና በኋላ እያንዳንዱ ወዴት እንደ ሄደ ተከታተሉ። ምርመራቸውንም በ1993 ዓመት አወጡ። ከ33ቱ በአጨዳው መኪና የሞተ 1 አይጥ ብቻ ነበር። ነገር ግን መሸሸጊያቸው ከታጨደ በኋላ 17ቱን ጉጉትና ሌሎች አዳኞች በሏቸው።

እናንተ የገጠር ሰዎች ይህን ስትሰሙ እንግዳ እንደማይሆንባችሁ ዐውቃለሁ። ነዶ በሚሰበሰብበት ቀን ጭልፊት ከራሳችሁ በላይ ሲያንዣብብ ስታዩ ኖራችኋል። እንግዲህ የሚበዛው ሞት ከስለት ሳይሆን መሸሸጊያ ከማጣት የሚመጣ ከሆነ፥ ማጭድን ማደነዝ አያሻም፤ የሚሸሸው ፍጥረት የሚገባበት ጥቂት ስፍራ መተው ግን ያሻል። ደግሞም ጉጉትና ጭልፊት ምግባቸውን ቢያገኙ ተፈጥሯቸው ነውና እነርሱን አንከስስም። የእኛ ነገር እኛ በከፈትነው በር ስለሚገባው ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ፍርዱ እንግባ። እኔ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደግሁ ስለ ሆነ ነገሩን በለመድሁት መንገድ እመረምረዋለሁ። በኦሪት ሳያስቡት ስለሚደርስ ጥፋት የተነገሩ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው።

አንደኛው የመጥረቢያው ነገር ነው። ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቈርጡ ወደ ዱር ሄዱ፤ የአንዱ መጥረቢያ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ገደለው። ይህ ሰው ጠላትነት አልነበረውም፤ መጥረቢያውም እንዲወልቅ አላሰበም። ስለዚህ መማፀኛ ከተማ ተሰጠው እንጂ እንደ ነፍሰ ገዳይ አልተቈጠረም። ፍትሐ ነገሥታችንም ዐውቆ በገደለና ሳያውቅ በገደለ መካከል ልዩነት ያደርጋል።

ሁለተኛው የተዋጊው በሬ ነገር ነው። በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል፥ ባለቤቱ ቀድሞ ያላወቀ እንደ ሆነ፥ እርሱ ንጹሕ ነው። በሬው ተዋጊ መሆኑ ቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረ እንደ ሆነ ግን ፍርዱ በባለቤቱ ላይ ይመለሳል። በሁለቱም ጊዜ ባለቤቱ ሰው ይሙት ብሎ አላሰበም። የለየው ምንድር ነው? ማወቁ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የጕድጓዱ ነገር ነው። ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድነው የሄደ ሰው፥ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ይከፍላል። እርሱ ጕድጓዱን የቈፈረው ለራሱ ጕዳይ ነው፤ አህያም ይሙትልኝ አላለም፤ ነገር ግን መክደኛ ማድረግ ቀላል ሳለ አላደረገም።

እነዚህ ሕጎች የተሠሩት ስለ ሰው ነፍስና ስለ ሰው ከብት ነው እንጂ ስለ ዱር አይጥ እንዳይደለ አልሰወርሁም። አይጥና ሰው በአንድ ሚዛን ይመዘኑ ማለቴም አይደለም። ነገር ግን ያው ሕግ ለዱር ፍጥረት ከቶ አላሰበም እንዳይባል፥ በመንገድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ቢወስድ እንኳ እናቲቱን እንዲለቅ አዝዟል፤ መሬት በምታርፍበት በሰባተኛው ዓመትም ከድኾች የተረፈውን የዱር አራዊት እንዲበሉት ፈቅዷል። እንግዲህ የፍርዱን መንገድ ከሦስቱ ብንወስድ ያስተምረናል እላለሁ። ሳያስቡት መሆኑ ብቻውን ሰውን ንጹሕ አያደርገውም። ሁለት ጥያቄዎች ይቀራሉ፤ «ታውቅ ነበርን?» እና «መከልከሉ ቀላል ነበርን?» የሚሉ።

በመጀመሪያው ዓመት እኔ ባለ መጥረቢያው ነበርሁ። በሁለተኛው ዓመት ያለ ዘንግ ገብቼ ቢሆን ኖሮ ግን የተዋጊው በሬ ጌታ በሆንሁ ነበር። ማጭዱ ያው፥ ጥንቸሎቹም እነዚያው ሲሆኑ፥ ፍርዱ ይለወጥ ነበር ማለት ነው።

ይህ የፍርድ መንገድ በትልልቅ ነገር ላይም እንደሚሠራ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ዲ ዲ ቲ የተባለው መድኃኒት ተባይን እንደሚገድል በ1939 ዓመት ፓውል ሙለር የተባለ የስዊስ ሰው ደረሰበት፤ በ1948 ዓመትም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። መድኃኒቱ ቅማልና የወባ ትንኝን አጥፍቶ ብዙ ሰው ከሞት አድኗልና ሽልማቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ገበሬዎችም በእርሻቸው ላይ ረጩት። ማንም ንስርና ጭልፊት ይጥፋ አላለም። ነገር ግን መርዙ ከተባዩ ወደ ወፊቱ፥ ከወፊቱ ወደ ጭልፊቱ እየተላለፈና እየበዛ ሄዶ፥ የጭልፊቶቹን የእንቍላል ቅርፊት አሳሳው፤ እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበር ጀመር። በ1962 ዓመት ሬቸል ካርሰን የተባለች አሜሪካዊት ሴት የተባይ መርዝ በፍጥረት ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት በመጽሐፍ ገለጠችው፤ አሜሪካም በ1972 ዓመት ዲ ዲ ቲ በእርሻ እንዳይረጭ ከለከለች። እስከሚታወቅ ድረስ የረጨው ገበሬ ባለ መጥረቢያው ነው። ከታወቀ በኋላ የረጨው ግን የተዋጊው በሬ ጌታ ነው።

በአገራችንም የግሪሳ ወፍ ነገር አለ። ግሪሳ እንደ ደመና ሆኖ በማሽላ ላይ ሲወርድ፥ በማማ ላይ ተቀምጦ በወንጭፍ የሚጠብቅ ልጅ እንደማይችለው ሁላችሁ ታውቃላችሁ፤ የድኻን የዓመት ጕሮሮ በጥቂት ቀን ይጨርሳል። ስለዚህ ማታ በሚያድርበት ስፍራ ላይ ከአውሮፕላን መርዝ ይረጫል። ግሪሳውን መግደል ታስቦ የሚደረግ ነውና ዛሬ አልፈርድበትም። ነገር ግን ፌንቲዮን የሚባለው መርዝ ሲረጭ፥ በዚያው ሸምበቆና ግራር የሚያድሩ ሌሎች ወፎች አብረው ይሞታሉ፤ የሞተውንና የሚሞተውን ግሪሳ የሚበሉ ጭልፊቶችም ይመረዛሉ። ይህ የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ በዚያ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ከመርጨታቸው በፊት ማን አብሮ እንደሚያድር ቢመለከቱ፥ ሌላ ወፍ የበዛበትንም ስፍራ ቢተዉ፥ ከመጠየቅ ይድናሉ።

አሁን ሁለተኛውን የራሴን ነገር ልንገራችሁ። በጽሕፈት ሥራ ከተቀጠርሁ በኋላ ከአባቴ የወረስሁት ጥቂት መሬት ነበረችና ባቄላ ዘራሁባት። በመስከረም ወር ባቄላው አብቦ ሳለ ተባይ ገባበት። እኔም ከገበያ የተባይ መድኃኒት ገዝቼ፥ የሥራ ቀን እንዳያልፍብኝ ብዬ በአንድ ሰንበት ማግሥት ረፋድ ላይ፥ ፀሐይ በሞቀበት ሰዓት ረጨሁ። ንቦቹ በአበባው ላይ ነበሩ። ድምፃቸውን እሰማ ነበር፤ አንዲቱም በእጄ ላይ ዐርፋ እፍ ብዬ አስነሥቻታለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ከቀፎዎቻቸው ፊት በመዳፋቸው የሞቱ ንቦች ዐፍሰው ይዘው መጡ። ማር የሚቈርጡት በጥቅምት ነበር፤ ከማሩም ዋጋ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ወጪ ሊከፍሉ አስበው ነበር። እኔ በመጀመሪያ ዝም አልሁ። ይህን ስነግራችሁ እስከ ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል። ኋላ ግን እንቅልፍ ስላጣሁ ራሴ ሄጄ ተናገርሁና ነገሩ በሽማግሌዎች ፊት ታየ። እኔም «አባቶቼ፥ የገዛሁት ለተባይ ነው፤ ንብ ይሙት ብዬ አላሰብሁም» አልሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ስትረጭ ንቦቹ በአበባው ላይ ሲሠሩ አይተህ ነበርን?» አሉኝ። «አይቼ ነበር» አልሁ። «እስኪመሽ ብትቈይ ወደ ቀፏቸው ይመለሱ እንደ ነበር ታውቅ ነበርን?» አሉኝ። «ዐውቅ ነበር» አልሁ። ከዚያ በኋላ ጥያቄ አልጨመሩም። ሁለት ቀፎ ከነንቡ ገዝቼ እንድተካ ፈረዱብኝ፤ ተካሁም። ባለ ንቡ ይቅር አሉኝ፤ ልጃቸው ግን በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ዘግይቶ ገባ።

ከካሣው ይልቅ የጠነከረብኝ ያ ጥያቄ ነው። እኔ ንብ ልግደል ብዬ እንዳላሰብሁ እውነት ነበር፤ ግን ለማሰብ የሚያሻኝ ሁሉ በፊቴ ነበር። የጐደለኝ እስከ ማታ መታገሥ ብቻ ነው። የዚያች የአንድ ቀን ችኰላ ከንቡ አልፋ በሰው ልጅ ትምህርት ላይ ደረሰች። የእንስሳ ሞት ከሰው ኑሮ ጋራ ምን ያገናኘዋል ለሚል ሰው መልሴ ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ በላተኛው እንመለስ። በጾም ወራት ሽሮና ምስር ስንበላ «እኛ ዛሬ ደም ያለበት ነገር አልቀመስንም» እንላለን። ስለ ገበታው እውነት ነው፤ ስለ ማሳው ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በዚህ ነገር በውጭ አገር ብዙ ክርክር ሆኗል። በ2003 ዓመት በአሜሪካ የኦሬጎን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነ ስቲቨን ዴቪስ የሚባል የእንስሳት ሊቅ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ በእህል ማሳ በአንድ ሄክታር በዓመት 15 ያህል የዱር እንስሳት ይሞታሉ፤ ከብት በሚሰማራበት የግጦሽ ሜዳ ግን የዚህ ግማሽ ያህል ነው፤ ስለዚህ ሞትን ለማሳነስ የሚወድ ሰው እህል ብቻ ከመብላት ይልቅ ሣር የበላ ከብት ሥጋ ቢጨምርበት ይሻላል አለ።

በዚያው ዓመት ጋቨሪክ ማቴኒ የተባለ ሌላ ሰው መለሰለት። ዴቪስ በሄክታር ቈጠረ እንጂ በሚመገበው ሰው ልክ አልቈጠረም፤ አንድ ሄክታር እህል ከአንድ ሄክታር ግጦሽ ይልቅ ብዙ ሰው ስለሚመግብ፥ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ሞት በእህሉ ያንሳል አለ። ኋላም ሌላ ጸሐፊ ዴቪስ አጨዳው ገደላቸው ብሎ ከቈጠራቸው መካከል አብዛኞቹን የበሏቸው ቀድሞ የነገርኋችሁ አዳኞች መሆናቸውን አሳየ። በ2018 ዓመትም ፊሸርና ላሜ የተባሉ ሰዎች ክርክሩን እንደ ገና መርምረው፥ የሞቱን ቍጥር በርግጠኛነት መናገር እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን ገለጡ።

እኔ በእነዚህ ሊቃውንት መካከል ልፈርድ አልተነሣሁም። ከክርክራቸው የምወስደው ግን አንድ ነገር ነው፤ እጁን ታጥቦ «እኔ የለሁበትም» ሊል የሚችል በላተኛ የለም። የእንጀራው ዕዳ በገበሬው ራስ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። ገበሬው ያጨደው ለእኔም ለእናንተም ነው፤ በከተማ ተቀምጦ እንጀራ የሚጐርሰውም የዚያው ማሳ ተካፋይ ነው። ስለዚህ ለገበሬ ምክር የሚሰጥ ሰው እንደ ከሳሽ ሆኖ አይቅረብ፤ እንደ ማዕድ ተካፋይ ሆኖ ይቅረብ እንጂ።

በዚህ ስፍራ ከሽማግሌዎች አንዱ እንዲህ ብለው ቢጠይቁኝ አይገርመኝም፤ «ልጄ፥ ድርቅና አንበጣ ባየች አገር፥ ልጆች ተርበው ባደሩባት አገር፥ አንተ ስለ አይጥና ስለ ጥንቸል ታዝናለህን?» ጥያቄው ከባድና የሚገባ ነው። በእርግጥ ልጁ የሚራብበት ገበሬ አዝመራውን ትቶ የወፍ ጎጆ ይጠብቅ አልልም። የሚያሻውን እህል ለማግኘት ሊከለከል የማይችል ሞት ቢደርስ፥ የሰው ጕሮሮ ይቀድማል። ነገር ግን እኔ የምለምነው ነገር አንድ ቁና እህል የሚያስቀር አይደለም። በአጨዳው ቀን አንድ ልጅ በዘንግ ቢመላለስ እህሉ አይጐድልም። መርዝን ከረፋድ ወደ ማታ ማሻገር እህሉን አያጐድልም፤ እንዲያውም ንብ አበባውን ስትጐበኝ ባቄላው ፍሬ ይበዛለትና ይጠቅማል። ጉጉቱና ቀይ ቀበሮው አይጥ ስለሚበሉ የገበሬ ረዳቶች ናቸው። ረሃብን የማያስታግሥ ሞት ግን ለተራበ ሰው ምን ይጠቅመዋል? የእኔ ጥንቸሎች የማንንም ሆድ አልሞሉም።

እንዲሁም ይህን ሥራ ሌሎች አገሮች ሞክረውት ሆኖላቸዋል። ኮርንክሬክ የምትባል፥ ክረምቱን በአፍሪካ የምታሳልፍ፥ በሣር ውስጥ ጎጆ የምትሠራ ወፍ አለች። በእንግሊዝና በአየርላንድ የሣር ማጨጃ መኪና ከመጣ ወዲህ፥ ሣሩ ከዳር ወደ መካከል ሲታጨድ ጫጩቶቿ በመጨረሻው ቅሬታ ውስጥ ተከበው ስለሚያልቁ እጅግ አነሰች። ኋላ በስኮትላንድ ገበሬዎች አጨዳውን ጥቂት እንዲያዘገዩና ከመካከል ወደ ዳር እንዲያጭዱ ተመክረው፥ ድጎማም ተሰጥቷቸው፥ ወፊቱ እንደ ገና በርከት አለች። በጀርመን አገርም የሚዳቋ ግልገል ጠላት ሲመጣ ከመሸሽ ይልቅ በሣር ውስጥ ተጣብቆ ስለሚተኛ፥ እንደ እኔ ጥንቸሎች በማጨጃ ይቈረጣል። ስለዚህ ሰዎች ከንጋቱ በፊት በሰማይ በሚበር ትንሽ ድሮን፥ ሙቀትን በሚለይ ካሜራ ግልገሉን ይፈልጉና በሣር ታቅፈው ወደ ዳር ያወጡታል፤ ከ2021 ዓመት ጀምሮም የአገሩ መንግሥት ለዚህ መሣሪያ መግዣ ገንዘብ ረድቷል። እኛ ድሮኑ ባይኖረን ዘንግና ልጅ አሉን፤ የየኔታም ብልሃት ከዚህ አያንስም።

እንግዲህ ሊደረግ የሚቻለውን በአጭሩ ልዘርዝር።

አንደኛ፤ ከአጨዳ በፊት ማሳውን በዘንግ ማስመልከት፤ ሲያጭዱም ዙሪያውን አለመክበብ፥ ከአንድ ወገን ጀምሮ ወደ ቍጥቋጦው ወይም ወደ ድንበሩ ሣር መንዳት።

ሁለተኛ፤ በማሳው ድንበር ያለውን ሣር በአጨዳው ቀን አለማጨድ። ሸሽቶ የወጣው እንስሳ የሚሸሸግበት እንዲያገኝ፥ ለከብት የሚያሻ ቢሆን እንኳ ከጥቂት ቀን በኋላ ማጨድ።

ሦስተኛ፤ ገለባና ቃርሚያ የቀረበትን ማሳ በእሳት አለማቃጠል፤ መሬቱንም ያደኸየዋልና። የግድ የሚቃጠል ነገር ቢኖር፥ እሳቱን በአንድ ወገን ብቻ መለኰስ እንጂ ዙሪያውን በእሳት አለማጠር። በእሳት የታጠረ ኤሊ የሚወጣበት የለውም።

አራተኛ፤ መርዝ ያለ እርሱ የማይሆን ሲሆን ብቻ መርጨት፤ አበባ ባለበት ጊዜ መተው፤ ይህ ባይቻል ፀሐይ ከገባች በኋላ መርጨት፤ ለባለ ንቡም በዋዜማው መንገር። ዕቃውን በምንጭና በወንዝ አለማጠብ፤ ባዶውንም ለውኃ መቅጃ አለማድረግ።

አምስተኛ፤ የአይጥ መርዝ የሚያኖር ሰው ዶሮ፥ ድመትና ውሻ በማይደርሱበት ማኖር፤ የሞተውንም አይጥ ፈልጎ መቅበር፤ ድመትና ጉጉት መርዙን ከእርሱ እንዳይወስዱት።

ስድስተኛ፤ ጕድጓድና የውኃ ማጠራቀሚያ ሳይከድኑ አለመተው።

ሰባተኛ፤ እህልን አለማባከን። ይህን ከሁሉ በኋላ ያደረግሁት ስለሚያንስ አይደለም። ብዙ ሕይወት ጠፍቶበት የተሰበሰበ እህል በጎተራ ነቅዞ ወይም በማዕድ ላይ ተርፎ ቢጣል፥ ያ ሞት ሁሉ ለከንቱ ሆነ ማለት ነው። ጎተራውን ከጭቃ ከፍ አድርጎ የሠራ፥ ከነቀዝ የጠበቀ ሰው ማሳውን ሳያሰፋ ቤተ ሰቡን ይመግባል፤ ለሚመጣው ዓመትም የሚታረሰውን፥ የሚረጨውን፥ የሚጠፋውንም ያሳንሳል።

ለእናንተ ለመምህራን አንድ ልዩ ልመና አለኝ። ይህን ነገር ለልጆች በቃል ብቻ አታስተምሩ። በጥቅምት ወር ወደ አንድ ማሳ ዳር ይዛችኋቸው ውጡ፤ እያንዳንዱ ልጅ በድንበሩ ሣር ውስጥ ያየውን ፍጥረት፥ ጎጆም ቢሆን ጕድጓድም ቢሆን ሳይነካ በደብተሩ ይጻፍ። ከአጨዳው በኋላ ወደዚያው ስፍራ መልሷቸው፤ ምን እንደ ቀረና ምን እንደ ጠፋ ይጻፉ። ቍጥርም ጽሕፈትም የተፈጥሮ ትምህርትም በአንድ ቀን ይማራሉ። ከዚህም ሁሉ በላይ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ለአባቶቻቸው «እኔ ዘንግ ይዤ ልቅደም» ይላሉ። ልጅ በጨዋታ ወፍ በወንጭፍ የሚያሳድድበትን ጕልበት ወደዚህ ብትመልሱት ይወድደዋል እንጂ አይሰለችም።

እናንተም ሽማግሌዎች፥ ሰው በመርዝ ወይም በእሳት የጎረቤቱን ንብና ከብት አጥፍቶ «ሳላስበው ነው» ብሎ ሲቀርብ፥ ይቅርታውን አትከልክሉት፤ ነገር ግን እኔን የጠየቁኝን ያን ጥያቄ ጠይቁት፤ «አይተህ ነበርን? ታውቅ ነበርን?» በሉት። በካሣ ከሚማር ይልቅ በዚህ ጥያቄ የሚማር ይበዛል።

ያ ሦስተኛው ግልገል ምን እንደ ሆነ ሳልነግራችሁ ነበር። ያን ቀን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ድንበሩ ሣር ወሰድሁት። ማታ ተመልሼ ባየው ስፍራው ባዶ ነበር፤ እናቱ ወስዳው እንደ ሆነ ወይም ጭልፊት አግኝቶት እንደ ሆነ አላወቅሁም። የድንበሩ ሣር ግን በዚያ ዓመት አልታጨደም ነበርና፥ እናቱ ወስዳው ይሆናል ብዬ ተስፋ ማድረግ ቻልሁ።

እግዚአብሔር የአገራችንን አዝመራ ይባርክልን፤ ማጭዳችንንም ከከንቱ ጥፋት ይጠብቅልን።